ትምህርቱ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ አይሙት

ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ ተማሪውን እያየ ራሱን የሚያስተካክል የኦንላይን ትምህርት እንዴት እንደሚሠራ ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። ግን ቴክኖሎጂው ራሱ ሲለወጥስ? እሱን በአንድ አንቀጽ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽን (ድረ ገጽ ላይ አኒሜሽንና መልመጃ የሚሠራበትንና የሚታይበትን ሶፍትዌር) መደገፍ ሲያቆም ስንት የተለፋባቸው መልመጃዎችና አኒሜሽኖች አንከፈትም አሉ። ትምህርቱ አላረጀም፤ ያረጀው የታሰረበት ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ የትምህርቱ ጽሑፍም ጥያቄውም ምስሉም ከሚያሳያቸው ሶፍትዌር ተነጥለው ይቀመጡ።

ሌላው፣ ተማሪው ተሳሳተ ማለት ሁልጊዜ አላወቀም ማለት አይደለም። ቸኩሎ ይሆናል፣ ጥያቄው ግራ አጋብቶት ይሆናል፣ ስልኩ ላይ ጣቱ ስቶ ሌላ መልስ ነክቶም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣው ‹ቤይዥያን ኖውሌጅ ትሬሲንግ› የሚባለው፣ ተማሪው ትምህርቱን ማወቁን ከመልሶቹ የሚገምት ስሌት እንኳ እያወቁ የመሳሳትንና ሳያውቁ ገምቶ የማግኘትን ዕድል ለየብቻ ያሰላል። በአንድ ስህተት ብቻ ተማሪውን ወዳለፈው ትምህርት የሚመልስ ሲስተም ግን ዛሬም ሞልቷል፣ ይሄ ደግሞ በጣም ተስፋ ያስቆርጣል። እባካችሁ ቢያንስ ‹ይሄን አውቀዋለሁ፣ ልለፈው› የሚል ቁልፍ ስጡት። ለምን ወደዚያ ትምህርት እንደተመለሰም በአንድ መስመር ንገሩት።