የእሳት ማንቂያ ባትሪ አለው ተብሎ የትኛውም ብሬከር ላይ አይታሰርም

«የእሳት ማንቂያው ባትሪ ስላለው ከመብራቱ ብሬከር ኃይል ብንወስድለት ችግር የለውም» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ባትሪው የተለካው ለአጭር ጊዜ ነው። የአሜሪካው የእሳት ማንቂያ ኮድ፣ ኤንኤፍፒኤ 72፣ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ 24 ሰዓት በተጠንቀቅ መቆየት፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ማስጮህ ነው። ዓርብ ማታ አንዱ «መብራት ላጥፋ» ብሎ ብሬከሩን ቢያወርደው፣ እሑድ ሕንፃው ያለ ማንቂያ ሊያድር ይችላል። የማንቂያው መቆጣጠሪያ ፓነል የብልሽት ድምፅ ያሰማል፤ ግን ባዶ ቢሮ ውስጥ ማን ይሰማዋል?

ኮዱ ለብቻው የተለየ መስመር የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ብሬከሩ በቀይ ምልክት ይለያል፤ የሚነካውም የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። «ለበለጠ ደኅንነት» ብለው ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) የሚገጥሙም አሉ። ይህንን የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ፣ ኤንኢሲ፣ ይከለክላል፤ በትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ማንቂያውን ከኃይል ይነጥለዋልና። ባትሪው በተደጋጋሚ ከተሟጠጠ ደግሞ ቶሎ ይሞታል።