በጎሮ ነህ በቃሊቲ?

ስለ ኔትዎርኪንግ፣ ማለትም ለሥራ ስለሚጠቅም ትውውቅ፣ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ጥቅሙን ሲደረድሩ ሥራ ታገኛለህ፣ እድገት ታገኛለህ፣ ደንበኛ ታገኛለህ ይላሉ። አልዋሹም። ግን አብዛኞቹ ቦሌ አካባቢ የሚኖሩ ይመስለኛል። እንደ እኔ ከከተማው ዳር ቱሉ ዲምቱ ቢኖሩ ኖሮ ዝርዝሩን የሚጀምሩት ከመኪና ወንበር ነበር።

አንድ የሙያ ማኅበር መሃል ከተማ ሆቴል ውስጥ የትውውቅ ምሽት ጠራ እንበል። የመሃል ከተማው ሰው ካርድ እያደለ "ምን ላይ ነው የምትሠራው?" ይላል። የእኛ ሰፈር ሰው ሳምቡሳውን በሶፍት ጠቅልሎ ይጠጋና "ሰፈርህ ወዴት ነው?" ብሎ ይጀምራል። ሰውየው ገላን ወይም ኮዬ ፈጬ ካለ ፊቱ ይፈካል። "በጎሮ ነህ በቃሊቲ?" ይቀጥላል። ሙያው በኋላ ይደረስበታል።

አትፍረዱበት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በእኛ በኩል ቃሊቲ ደርሶ በቃኝ ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ በሰው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 የባለሙያዎች መተዋወቂያ ድረ ገጽ የሆነውን ሊንክድኢንን ሲገዛ 26.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይኼ ሁሉ ብር ወጥቶበትም ሰውየው የት እንደተማረና የት እንደሠራ እንጂ ማታ በየት በኩል እንደሚመለስ አይነግርህም።

አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ጎረቤቴ ስልኳን አሳይታኛለች። የሰው ስም የለበትም ማለት ይቻላል። "ኢንጅነር ነጭ ቪትዝ 11 ተኩል።" "ኦዲተር ገላን ቅዳሜ የለም።" "ፋርማሲስት በጎሮ ወሬ ያበዛል።" ከመሃላቸው አንዱ "ዶክተር" ተብሎ ባዶውን ተቀምጧል።

"ይኼ ምነው ምንም የለውም?" አልኳት።

"መኪናውን ሸጠ" አለችኝ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ ጋ ድር ቢያብር አንበሳ ያስረሳል። አውቶብሱን ማለቴ ነው።

ነገሩን ፈረንጅም ደርሶበታል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ከቦስተን ወጣ ባለች ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትሟል። ሥራውን በሰው በኩል ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከመቶ 16.7 ብቻ ነበሩ። 55.6ቱ አልፎ አልፎ የሚያገኙት ነው። 27.8ቱ ደግሞ ከስንት አንዴ። የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ራቅ ካለው ሰው ነው። እኔ ይህን ለማመን ጥናት አላስፈለገኝም። የልብ ጓደኛዬ ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖረው። ነፍሱን ይሰጠኛል፣ ቱሉ ዲምቱ ግን አይመጣም። ባለቪትዙን ኢንጅነር ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ የአባቱን ስም አላውቀውም።

እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር የምሳፈረው በእሱ መኪና ነው። ከነዳጁ እናዋጣ ብንለው ኢንጅነሩ እሺ አይልም። ስለዚህ በሙያችን እንከፍላለን። መኪናው ውስጥ ያለው የመቀመጫ ሥርዓት እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ኢንጅነሩ በጎን ንግድ ፈቃድ ስላለው ሐምሌ ሲገባ የፊት ወንበር የሒሳብ ባለሙያው ነው። ግብሩ እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል መምህሩ ወደ ፊት ያልፋል። ጉንፋን ሲበረታ የላቦራቶሪዋ ልጅ ትከበራለች። የእኔ ሙያ ወቅት የለውም። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ መሃል ነኝ።

ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ነው እውነተኛው ስብሰባ የሚጀመረው። አጀንዳ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። መውጫም የለ። የመምህሩ ታናሽ እህት አሁን የምትሠራበትን ቦታ ያገኘችው እንዲህ ቆመን ነው። "እኛ ጋ አንድ ሰው ሊለቅ ነው" ያለው የሒሳብ ባለሙያው ነበር፣ ያውም ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራን። መንገዱ ክፍት ቢሆን ያ ወሬ አይነሳም። (ይህን ለመንገድ ሥራ ኃላፊዎች እንዳትነግሩብኝ። እንደ ስኬት ሪፖርት ያደርጉታል።)

ሰኔ የብቻው ነው። በጀቱ ሳይመለስ በፊት መጠቀም አለበትና ሥልጠናው ሁሉ ወደ አዳማ ይጎርፋል። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ደግሞ የሚነሳው ከእኛው ቱሉ ዲምቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ "ውይ፣ እዚያ ድረስ ትሄዳለህ?" ሲለን የከረመ የመሃል ከተማ ሰው ያኔ ይደውላል። "እዚያው ጠብቁን፣ መንገዳችን ናችሁ።" በዓመት አንዴ እኛም መንገድ ላይ እንሆናለን።

ሥልጠናው ምን እንዳስተማረን አትጠይቁኝ። ትሩፋቱ ግን በዓይን ይታያል። የብሎካችን ልጆች በገዛ ወላጆቻቸው ገንዘብ የተገዛ እስክሪብቶ የሚያውቁ አይመስለኝም። እሁድ ገበያ ብትመጡ ደግሞ አንዲት እናት "የአመራር ክህሎት ማጎልበቻ ሥልጠና" የሚል ቦርሳ ሙሉ ቲማቲም ይዘው ሲከራከሩ ታያላችሁ። ክህሎቱ ጎልብቷል። ነጋዴው ነው የሚሸነፈው።

ለቅሶ ላይም ማን ማን እንደሆነ ይለያል። መምህሩ እናቱን ያጣ ጊዜ የሙያ ማኅበሩ ቴሌግራም ግሩፕ በ"ነፍስ ይማር" ተጥለቀለቀ። ድንኳኑ ድረስ የመጡት ግን አብረውት የሚሳፈሩት ናቸው። ሌላው ቢፈልግም አያገኘንም፤ ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አንድ የሥራ ኃላፊ ከመሃል ከተማ መጥተው የሌላ ሰው ድንኳን ገቡ። ሟቹን በመልካም ሥነ ምግባር አመሰገኑ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ወጡ። እዚያ ቤት ያሉትም እስካሁን እንደተደሰቱባቸው ነው።

ኔትዎርኪንግ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ኢንጅነሩ አሁን በዚሁ ትውውቅ እድገት አገኘ። መሥሪያ ቤቱ መኪና ከነሾፌሩ መደበለት። እንኳን ደስ አለህ ያልነው እንደ ለቅሶተኛ ነው። ቪትዟ ግቢ ውስጥ አቧራ ለበሰች። ደግነቱ በመሥሪያ ቤቷ ሰርቪስ የምትመላለሰው ባለቤቱ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዝግባለች። የመንገድ ምልክቶቹን መምህሩ ያስጠናታል። የላቦራቶሪዋ ልጅ ፈተና ሲደርስ እንዳትደነግጥ ምን መብላት እንዳለባት ትመክራታለች። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ፓርኪንግ ስትለማመድ ደግሞ ኮን ሆነን የምንቆመው እኔና የሒሳብ ባለሙያው ነን። እስካሁን የገጨችው እሱን ብቻ ነው።