«መኪናው ኢንሹራንስ አለው» ሲሉን ለማን ነው ያለው?

አዳማ ውስጥ መኪና የተከራየ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቷል፤ «አታስብ፣ መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው።» እኔም ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሰምቼ አላሰብኩም። የእህቴን የሠርግ እንግዶች ለማመላለስ አንዲት ቪትዝ በቀን 3,500 ብር ለሦስት ቀን ተከራየሁ። የመታወቂያዬን ቅጂና የተፈረመ ቼክ በመያዣነት አስቀመጥኩ። ውሉ ሁለት ገጽ ነበር፤ የመጀመሪያውን አነበብኩ፣ ሁለተኛውን ፈረምኩ።

በማግስቱ ፍራንኮ አካባቢ ድንገት ፊቴ ከታጠፈ ባጃጅ ለመሸሽ መሪውን ስጠመዝዝ ከቆመ ኤፍኤስአር ኋላ ገባሁ። ሰው አልተጎዳም። የጭነት መኪናው ቀለሙ እንኳን አልተጫረም፤ የቪትዟ ኮፈን፣ ራዲያተርና የፊት መብራቶች ግን አለቁ። ባጃጁ እስከ ዛሬ አልቆመም። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ፤ እኔም «እንኳን ኢንሹራንስ ኖራት» እያልኩ ወደ ሠርጉ ተመለስኩ።

በኋላ የመጣልኝ ሂሳብ 81,500 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 15,000 ብሩ መድን ድርጅቱ የማይሸፍነው የባለቤቱ ድርሻ፣ ኤክሰስ የምንለው ነው። ይህን በጸጋ ተቀበልኩ፤ የገጨሁት እኔ ነኝ። ቀሪው 66,500 ብር ግን መኪናዋ ጋራዥ የቆመችበት የ19 ቀን ኪራይ ነው። ጥገናው ራሱ አምስት ቀን አልሞላም። የቀረው ጊዜ ያለቀው ጉዳት ገማቹ እስኪመጣ፣ ጋራዦች ፕሮፎርማ እስኪያቀርቡ፣ መድን ድርጅቱ አንዱን መርጦ እስኪያጸድቅና መብራቱ ከአዲስ አበባ እስኪላክ ነው። እኔ ያላዘገየሁትን፣ ላፋጥነውም የማልችለውን ቀን በ3,500 ብር እየገዛሁ ነበር። የመኪና አከራይ ድርጅቱን ባለቤት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መኪናዋ ቆመች ብሎ የባንኩ ወለድ አይቆምም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መኪና ገጭተው ስልካቸውን የሚያጠፉ ተከራዮችም እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን 19ኙንም ቀን ያለማቋረጥ ተከራይ ታገኝ ነበር ብሎ ማስላት ኪሳራ ማካካስ ሳይሆን ከአደጋ ማትረፍ ነው።

የሚገርመው፣ ዕድለኛ ሆኜ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ያሳየኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 683 መሠረት መድን ድርጅት ለመኪናው ባለቤት ካሳ ከከፈለ በኋላ በባለቤቱ ቦታ ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። መዳረግ ይባላል። ሆን ብለው ካላደረሱት በቀር ከዚህ ጥያቄ የሚድኑት የመድን ገቢው ወላጆችና ተወላጆች፣ ወኪሎቹ፣ ሠራተኞቹና አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ተከራይ ከእነዚህ ውስጥ የለም። እንግዲህ የመድን ውሉ ራሱ ተከራዩን ካልጠበቀው፣ ከሰውየው ቤት ገብቶ አብሮ መኖር ነው የቀረው! «ሙሉ ኢንሹራንስ» የተባለው ለባለቤቱ ሙሉ ነው፤ ለእኔ የጠያቂ ለውጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክትም ብዙዎቻችንን ያዘናጋናል። እሱ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ሽፋኑ መኪናው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያውም እስከተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ ነው። የያዝኩት መኪና ቢደቅ ያ ወረቀት አንዲት ፍሬ ብሎን አይገዛም።

በዚህ ላይ የዋጋው ነገር አለ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመኪና ዋጋ ሲንር የመድን ግምታቸውን ያላሳደሱ ባለቤቶች አሉ። ከእውነተኛ ዋጋው ባነሰ ግምት የተመዘገበ መኪና ሲጎዳ ካሳውም በዚያው ልክ ይሸራረፋል። ጉድለቱ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ለመገመት የሕግ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ቼኩ ያለው ባለቤቱ ጋ ነው።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የኪራይ ውል ላይ ኤክሰሱ ስንት ብር እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። የቆመበት ቀን የሚታሰበው ለጥገናው ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ይሁን። ከሁሉም በላይ መኪና አከራዮች የሚገቡት የመድን ውል መድን ድርጅቱ መንጃ ፈቃድ ባለው ተከራይ ላይ እንደማይዳረግ ይግለጽ። ለዚህ ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ ካስፈለገ በቀን ኪራዩ ላይ ይጨመርና አውቀን እንክፈል። መድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ይህን ቢያስገድድ አከራዮችም ከተከራይ ጋር ከመካሰስ ያርፋሉ።

ባለፈው ወር ቤተሰብ ይዤ ሶደሬ ለመሄድ ሌላ ቦታ መኪና ጠየቅኩ። ያው ዓረፍተ ነገር መጣ። «የመድን ፖሊሲውን ላየው?» አልኩ። ልጁ ግራ ተጋብቶ ከመሳቢያ አወጣልኝ። የአገልግሎቱ ዓይነት በሚለው ቦታ «የግል» ይላል፤ የመኪናዋም ሰሌዳ ኮድ 2 ነው። ለኪራይ መዋሏን መድን ድርጅቱ አያውቅም ማለት ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ልጆቹን ይዤ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ።