ከንድፉ በፊት ዕፅዋቱን እንማር

ደሴና ኮምቦልቻ በኮሪደር ልማቱ መልካቸው እየተቀየረ ነው። ደስ ይላል። ዕፅዋቱ ላይ ሲደረስ ግን ቅር ይለኛል። በብዙ ከተሞቻችን ንድፉ ያልቃል፣ ድንጋዩ ይነጠፋል፣ ከዚያ ችግኝ ጣቢያ የተገኘው ሁሉ መጥቶ ክፍት ቦታ ይሞላል።

የላንድስኬፕ ዲዛይን፣ ማለትም የአደባባይና የግቢ ንድፍ፣ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ዕፅዋትን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። ዛፉ ከ20 ዓመት በኋላ የት ይደርሳል? ሥሩስ? ስንት ውኃ ይፈልጋል? ወረቀት ላይ ሁሉም ዛፍ አረንጓዴ ክብ ነው። መሬት ላይ ዋርካ መንደር ሙሉ ሰው ያስጠልላል፤ ከግንብ ሥር ከተከሉት ደግሞ ግንቡን ይሰነጥቃል።

በወሎ ከፍታውን ያላወቀ መትከል አይችልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ 1,850 አካባቢ ናችሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሚስማማው ተክል ግን ይለያያል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፣ ደሴን ይወዳል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ቀላ ያለውን የአበባ ዘለላ የምታንዠረግገው ሴቴዋ ናት። ይህን የሚያውቅ ሰው ለአደባባይ የቱን እንደሚመርጥ አይቸገርም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ዋንዛ አለለት፤ ጥላውም ነጭ አበባውም ያምራል።

ክትክታን ደግሞ እዩት። እኛ ለማገዶ እንቆርጠዋለን። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት ያጣብቃል፣ ክንፍ ያለው ፍሬው ሲደርስ ወደ ቀይ ያደላል። ድርቅ ይችላል፣ ቢከረክሙት አይከፋውም። ከእሱ የተሻለ አጥር ከየት ይመጣል? ቀጋም እንዲሁ ነው፤ ነጭ አበባ ያለው የገዛ አገራችን ጽጌረዳ እያለ ሌላ እንገዛለን። በልጉ ሲያሻው በሚቀርበት አገር በጋውን ሙሉ ውኃ የሚጠጣ ሳር ማንጠፍም አይዋጥልኝም።

ትምህርቱ በክፍል ውስጥ ብቻ አይሆንም። ተማሪዎች ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይሂዱ፣ የቆዩ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢዎችን ይዩ። አንዱን ዛፍ በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት ይሳሉት። የእናቶችንም ጓሮ ይጠይቁ። ጤና አዳሙ ለቡናው ቅርብ እንዲሆን የት እንደሚተከል፣ አሪቲው ማን አጠገብ እንደሚያምርበት እነሱ ያውቃሉ። ለእኔ ይህ ሙሉ ሙያ ነው።

«አገር በቀል ችግኝ አይገኝም» የሚባለው እውነት አለው። ግን ቀድሞ የሚያዝ ከሌለ ጣቢያው ለማን ብሎ ያፈላል? ወይራና ጥድ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት የመንገዱን ንድፍ ሲያስጀምር የችግኙንም ትእዛዝ በዚያው ቀን ይስጥ። ድንጋዩ ተነጥፎ እስኪያልቅ ችግኙም ለተከላ ይደርሳል።