የመቶ ዓመት ጎርፍ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ አይደለም

ወንድሜ፣ «የጎርፍ አደጋ ካርታው የመቶ ዓመት ጎርፍ ይላል፤ አምና ስለመጣ ከእንግዲህ የልጅ ልጆቻችን ጉዳይ ነው» ያልከውን ላርም። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል፤ ስያሜው ራሱ ያሳስታል። ትርጉሙ ያን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጎርፍ በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ ከ100 አንድ ነው ማለት ነው። አምና ስለደረሰ ዘንድሮ አይቀንስም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው፤ ቤት ሠርቶ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም።

በፍጥነት በሚሰፉ የታዳጊ አገሮች ከተሞች ደግሞ ጎርፉ እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳየው የካርታው መስመር ራሱ ቶሎ ያረጃል። ካርታው ሲሠራ ሣር የነበረው ዳገት ዛሬ ቆርቆሮና አስፋልት ከሆነ፣ ዝናቡ መሬት ሳይሰርግ ቁልቁል ይወርዳል። የፍሳሽ ቱቦው በፕላስቲክ ከተደፈነማ ከመስመሩ ውጭ ያለው ቤትም ይጥለቀለቃል። እባክህ፣ ካርታው በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ሳታይ ቦታ አትግዛ።