ፉድ ስታምፕ ነው ሌባ ያበዛው ለምትሉ

ፉድ ስታምፕ ማለት እዚህ አሜሪካ መንግስት ለድሃው በየወሩ ምግብ መግዣ ብር የሚሞላበት ካርድ ነው። ሀበሻ ቡና ላይ ሲቀመጥ አንዱ ተነስቶ ስለተቀባዮቹ «መንግስት ቁጭ አርጎ እየቀለባቸው ነው ሌባ የሆኑት፣ ቢቆርጡባቸው ይሰሩ ነበር» ማለቱ አይቀርም። እኔ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ።

ኮርነር ስቶር የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ካርዱ የሞላ ሰሞን ወተቱም ሲሪያሉም በካርቶን ነው የሚወጣው፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን ያው ሰውዬ መጥቶ «እስኪ ባላንሴን እይልኝ» ይላል፣ 2 ዶላር ከምናምን ይወጣል፣ ቱና ጣሳ ጃኬት ውስጥ የሚገባውም ያን ሰሞን ነው። ኢሊኖይ 2010 ላይ አብዛኛው ሰው ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ይሞላለት የነበረውን ካርድ ወሩ ውስጥ በተለያየ ቀን በታተነው፣ ብሩ ያው ነው ቀኑ ብቻ ነው የተቀየረው፣ ከዛ እዛው ኢሊኖይ ያለችው ቺካጎ ላይ የግሮሰሪ ስርቆት ወደ 20 ፐርሰንት ቀነሰ። ስንፍና ቢሆንማ ቀን መቀያየር ምን ይፈይድ ነበር?

ከሁሉ የገረመኝ ግን የኤስኤስአይ ልጆች ጉዳይ ነው፣ ኤስኤስአይ ማለት መንግስት አካል ጉዳት ላለበት ድሃ በየወሩ የሚሰጠው ብር ነው። ክሊንተን ኦገስት 22 ቀን 1996 በፈረሙት ዌልፌር (የድሃ ድጎማ) ሕግ የአካል ወይ የአእምሮ ችግር ያለባቸው የድሃ ልጆች 18 ሲሞላቸው እንደ አዲስ እየተመረመሩ ብዙዎቹ ተቆረጡ፣ ከዛ ቀን በፊት 18 የሞላቸው ግን አብዛኞቹ ሳይነኩ ቀጠሉ። ማናሲ ዴሽፓንዴና ማይክል ሙለር ስሚዝ 2022 ላይ ባወጡት ጥናት ሁለቱን ለ20 አመት አነጻጸሩ፣ የተቆረጡት ላይ የወንጀል ክስ በ20 ፐርሰንት በለጠ፣ ስርቆት ማጭበርበር ድራግ ሽያጭ የመሳሰለው ብር የሚያመጣው ወንጀል ብቻውን ሲታይ ደግሞ በ60። «ይሰሩ ነበር» ለሚለው፣ በመቆረጡ የተነሳ አመት ሙሉ 15 ሺ ዶላር የሚያስገኝ ቋሚ ስራ ከያዘው በዚህ አይነት ወንጀል የተከሰሰው እጥፍ ነው። መንግስት ቼኩን በመቁረጡ ያተረፈውን ብርም ፖሊስና እስር ቤት በሉት ማለት ይቻላል።

አጭበርባሪ የለም አላልኩም። ካርዱን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ካሽ የሚወስድ አለ፣ ግን የሚገዛው ባለሱቅም አለ እኮ፣ እሱን ቡና ላይ ማንም አያነሳውም።

ጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ሪፊዩጂውንና (በስደተኛነት የመጣውን) አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘውን ግሪን ካርድ እስኪይዝ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቶታል። «ይቁረጡባቸው» ስትሉ የነበራችሁ፣ አምና አሳይለም ያገኘው የአክስታችሁ ልጅም ከተቆረጡት ውስጥ ነው።