ድንጋይ ለሚያነብቡልን

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ለእናቴ የኦፓል ቀለበት አመጣችላት፤ ኦፓል ብዙ ቀለም የሚረጭ የከበረ ድንጋይ ነው። ከቀለበቱ ጋር አንዲት ወረቀት አለች። ድንጋዩ ልብ ያረጋጋል፣ ቅናት ያባርራል፣ «የጥንት ኢትዮጵያውያን ምስጢራዊ ጥበብ» ያደረበት ነው ትላለች። የወሎ ሰው የሆነችው እናቴ መነጽሯን አድርጋ አገላበጠችው።

«ይሄ የኛ የደላንታ ድንጋይ አይደለም እንዴ?»

ነው። ከደላንታዋ ወገል ጤና ገደል ወጥቶ፣ አሜሪካ ደርሶ፣ መንፈስ አግኝቶ ተመልሷል።

እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፉልንን የድንጋይ አንባቢዎች አለማመስገን ንፉግነት ነው። የደላንታ ኦፓል ተገኝቶ ለዓለም ገበያ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እነሱ ግን በዚህች አጭር ጊዜ የሺህ ዘመን ጥበብ አበጁለት። ሌላው ጥንታዊ ለመሆን ሺህ ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሙያው የዛሬ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ጌጥ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1912 ተሰብስበው ለየወሩ የልደት ድንጋይ ደለደሉ። ኦፓል ለኦክቶበር ልጆች ደረሰ። የሰው ዕጣ ፈንታ በነጋዴ ስብሰባ ተደለደለ ማለት ነው። ቃለ ጉባኤም ሳይያዝ አይቀርም።

እኔ በጣም የምወደው ግን የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያንን እምነት ነው። ኦፓልን በቅጠል ጠቅልሎ የያዘ ሰው ከዓይን ይሰወራል ይሉ ነበር። ስለዚህም የሌቦች ጠባቂ ተባለ። ሰው ይስቅበታል፤ እኔ አልስቅም። ይሠራል! ድንጋዩ ከገደሉ ወጥቶ የሚያምር ሳጥን ውስጥ በገባ ቅጽበት፣ ገደሉን በዶማ ፈልፍሎ እየዳኸ የገባው የደላንታ ልጅ ይሰወራል። አፈር ቢደረመስበት የሚያየው የለም። ወረቀቷ ላይ ስለ ጨረቃ አምስት መስመር ተጽፏል፣ ስለ ቆፋሪው አንድም የለም። ቅጠሉም አላስፈለገም።

የጨረቃዋ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። «ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ የሰበሰበውን ክፉ ነገር ይለቃል።» እናቴ የተሰጣትን ትእዛዝ አታጎድልም፤ አሳደረችው። በኛ አገር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ከንቱ ልፋት ነው። የወሎ ኦፓል ግን ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ስናየው እንደ መስታወት ጠርቷል። ያ ሁሉ ቀለም የውሃ ሽታ ሆኗል።

ነገሩ ቀላል ነው። ድንጋዩ ውስጥ ጥቃቅን የሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ በብዛት የተሠራበት ማዕድን፣ እንክብሎች ተደርድረዋል። ቀለሙ የሚወጣው ብርሃን በነሱ መሃል ሲያልፍ ነው። ክፍተቱን ውሃ ሲሞላው ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን ላስረዳ ለአክስቴ ልጅ ብደውል ቀድማኝ ለሻጯ ደውላለች። ምርመራው አልቋል፦ ድንጋዩ የእናቴን የቆየ ሐዘን ጠጥቶ ታሟል። ከሩቅ ሆነው ያነጹታል፤ 40 ዶላር ነው።

ቀለበቱን መስኮት ላይ አስቀመጥነው። በአራተኛው ቀን ቀዩንም አረንጓዴውንም መርጨት ጀመረ። የአክስቴ ልጅ በስልክ እልል አለች። ሻጯ ሌሊቱን ሙሉ ስትደክምለት ማደሯን ነገረችን።

እናቴ ቀለበቷን አጠለቀች።

«ያደረቀው መስኮታችን ነው» አለች። «ለእሱስ ስንት ይድረሰው?»